ፍቅር ነው ወይስ ቅናሽ?

እሜቴ ከትናንት ጀምሮ ምግቧን ዞር ብላ አላየችውም። ውሃ ብቻ ትጠጣለች፤ የጠጣችውንም መልሳ ታስታውከዋለች። ሌላ ጊዜ ቀድማ በር ላይ የምትቆመዋ ውሻ፣ ያን ጠዋት ከአልጋው ሥር አልወጣ አለች። ባለቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ሆዷን ስትዳስሳት ተወጥሮ ይግላል። የፀጉር ሳሎኗን መክፈት ተወችና በትልቁ ፎጣ ጠቅልላ ታቅፋት ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ገሰገሰች።

መንገድ ላይ ያሰበችው ስለ ውሻዋ ብቻ ነበር ብንል እንዋሻለን። ክሊኒኩ ውስጥ ሰው አላት።

ሰውየው የክሊኒኩ ባለቤት ልጅ ነው። ሰፈርተኛው አባትየውን ትልቁ ዶክተር፣ እሱን ትንሹ ዶክተር ይላቸዋል። ትንሹ ይባል እንጂ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ቁመታም ነው። የተዋወቁት ባለፈው ክረምት፣ እሜቴን ክትባት ሊወጋ ሲል እጁን ነክሳው ነው። ጣቱ እየደማ፣ “ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላስፈቅዳት ነካኋት” አለ። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን የከፈተችው ልጅ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወዲህ የእሜቴ ጥፍር አደገ፣ ጆሮዋ አሳከካት፣ ዓይኗ አነባ፤ ምክንያት አልጠፋም። ምክንያት ሲጠፋ ደግሞ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው መናፈሻ፣ ውሻዋን የምታንሸራሽር ሴትና አየር ሊቀበል የወጣ ሐኪም በድንገት ይገናኛሉ። ድንገቱ በየቀኑ ነበር። እሱ “ቁጡዬ” ይላታል። እሷ ሲከፋት “ዶክተር” ትለዋለች፤ ደስ ሲላት ምንም አትለውም፣ ዝም ብላ ታየዋለች።

ለሰው ግን አልተናገሩም። የእሱ ቤተሰብ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እሷና እናቷ ከሳሎኗ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል። “አባቴን ቀስ ብዬ ላለስልሰው” ይላታል። ቀስ ማለቱ ዓመት ሊሞላው ነው።

ያን ጠዋት የክሊኒኩ መቀበያ ግድግዳ ላይ አዲስ የዋጋ ሠንጠረዥ ተለጥፎ ደረሰች። ሰው ሁሉ ቆሞ ያነባል፤ አንብቦ የጨረሰው ደግሞ ያቀፈውን እንስሳ ቁልቁል ያያል። ጋሼ የምትላቸው ጡረተኛ መምህር ድመታቸውን በካርቶን ይዘው ከፊቷ ቆመው ነበር። አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡ። ከዚያ ካርቶናቸውን ብድግ አድርገው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።

ትንሹ ዶክተር የምርመራ ክፍሉን በር ሲከፍት ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፊቷን አይቶ ሁሉም ነገር ገባው። ተራ የያዙትን ይቅርታ ጠይቆ አስገባት።

“ማህፀኗ መግል ቋጥሯል” አላት ሆዷን መርምሮ ሲጨርስ። “ዛሬውኑ ካልወጣ ይፈነዳል። ነገ እናየዋለን ብዬ አልዋሽሽም።”

“ይውጣላታ።”

“ይወጣል። አንቺ ምንም አታስቢ።”

“አታስቢ” ያላት ለምን እንደሆነ የገባት ሂሳብ ክፍል ስትደርስ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ የነገረቻት ዋጋ የሳሎኗን የወራት ኪራይ ያስከነዳል። ያውም ሙሉው በቅድሚያ።

“ባለፈው ለጆሮዋ የከፈልኩት እኮ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም” አለች ግራ ገብቷት።

“እሱማ ቀሪውን ትንሹ ዶክተር ከደመወዙ እያስቆረጠ…” ልጅቷ አፏን በእጇ ከደነች። ነገር ግን ያመለጠው አምልጧል።

ድምፅ የሰሙት ትልቁ ዶክተር ከቢሯቸው ወጡ። ሸበቶ ናቸው፤ ነጭ ጋውናቸው ላይ አንዲት እድፍ አትገኝም። ልጃቸው ተከትሎ ከምርመራ ክፍሉ ወጣና ፈጠን ብሎ፣ “አባባ፣ ከኔ ላይ ቁረጠው” አለ።

“ከምንህ ላይ? የዚህ ወር ደመወዝህ አልቋል። ያለፈውም እንዲሁ አልቋል፣ በዚህች ውሻ።” ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞሩና ከነጠላ ጫማዋ እስከ ፀጉሯ አዩዋት። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። ወደዚህ የሚያመላልስሽ ፍቅር ነው ወይስ ቅናሽ?”

 ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ሳቀና ወዲያው ሳል አስመሰለው።

ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ትንሹን ዶክተር አየችው። አንድ ቃል፣ አንድ ብቻ እንዲናገር ጠበቀች። አባቱን አየ፣ እሷ የታቀፈቻትን ውሻ አየ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም ግን አልወጣውም።

“ዛሬ ይሠራላት” አለች ጥርሷን ነክሳ። “እዚያ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ሙሉውን ይዤ እመጣለሁ። ከእርስዎ ቅናሽ አልፈልግም። ከልጅዎም ምጽዋት አልፈልግም።”

ውሻዋን ፊቱን ሳታይ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። በእሜቴ ጆሮ የሆነ ነገር ሹክ አለቻትና ወጣች።  ያቃጠላት የአባትየው ጥያቄ አልነበረም። የልጅየው ዝምታ ነው።

*

ሳሎኗ ውስጥ አንድ ውድ ዕቃ ቢኖር ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ነው። ሴቶቹ ቢጉዲን ተጠቅልለው ከሥሩ ሲቀመጡ ፀጉራቸው ይደርቃል፣ ወሬያቸው ይደምቃል። ከማዶ ያለችው የሌላው ሳሎን ባለቤት ካየችው ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች። ፀጉር ሠሪዋ ስልክ ደውላ “አሁኑኑ ከወሰድሽው ያንቺ ነው” ስትላት ሴትየዋ ሁለተኛ ቃል አላስፈለጋትም።

እናቷ ከጓዳ ወጥታ ካስኩ ከሶኬቱ ሲነቀል አየች። “ይሄ እኮ እጅሽ ነው” አለቻት። “እጅሽን ልትሸጪው ነው?”

“እሜቴ ዛሬ ካልተሠራላት ትሞታለች እማ።”

እናትየው የተነቀለውን ገመድ አንሥታ መጠቅለል ጀመረች። ባሏ የሞተ ሰሞን ከአልጋ አልነሣም፣ ከሰውም አላወራም ብላ ተኝታ ነበር። ዘመድ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፤ ማንም አላስነሣትም። ያስነሣቻት ያኔ ቡችላ የነበረችው እሜቴ ናት። በየጠዋቱ የቀሚሷን ጫፍ በጥርሷ እየጎተተች፣ እየጮኸች አስቸገረቻት፤ መቼም ለሽንት መውጣቷ ካልቀረ ብላ እናትየው ተከትላት ትወጣ ጀመር። መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሰላም መባባል፣ ከሰላምታው ወሬ፣ ከወሬው ሳቅ መጣ።

“አትሽጪ አልልሽም” አለች በመጨረሻ። “ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቁመታም ልጅ መናፈሻ ውስጥ የምታገኚው የማላውቅ መስሎሻል? በቀን ይህን ያህል ጊዜ የሚያሸናት ውሻ የለም።”

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቋ መጣ። ክሊኒኩ ውስጥ የሆነውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

“ያልከፈልኩትን የከፈልኩ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ተኮፍሼ ወጥቻለሁ። አዝኖልኝ ነው እማ። የወደደኝ ሲመስለኝ አዝኖልኝ ነው።”

“ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እሱን እሱ ይንገርሽ። እኔ የማየው ግን አንቺ እኔን ደበቅሽኝ፣ እሱ አንቺን ደበቀሽ። ሁለታችሁም የሰው አፍ ፈርታችሁ።” ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን አደረገች። “ነይ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። ውሻዋ የኔም ናት።”

ገንዘቡን ይዘው ሲመለሱ ጋሼን አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ አገኟቸው። ካርቶኑ ጉልበታቸው ላይ ነው። ከውስጡ ድመቲቱ በቀጭኑ ትተነፍሳለች።

“ወደ ቤት ነው ጋሼ?”

“ወደ ቤት ነው። እሷም አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ። ጎን ለጎን ሆነን እንጠብቃለን።”

ምን እንደሚጠብቁ አልተናገሩም። ፀጉር ሠሪዋ ካርቶኑን ከጉልበታቸው ላይ አነሣችው።

“ይነሡ፣ አብረን እንመለሳለን።”

“ኧረ ልጄ፣ ከየት አምጥቼ?”

“ዛሬ ምን እንደምንል አላውቅም። ግን አንብበን አንብበን ዝም ብለን የምንወጣ ከሆነ ነገም ሌላ ይለጥፋሉ። ይነሡልኝ።”

ጠዋት ስትወጣ የተሰማት እፍረት ነበር። አሁን በዚያ ቦታ የገባው ቁጣ ነው፤ ቁጣው ደግሞ ለእግሯ ጉልበት ሰጣት።

*

መቀበያው እንደ ጠዋቱ በሰው ሞልቷል። ትልቁ ዶክተር ሂሳብ ክፍሉ አጠገብ ቆመዋል፤ ፊታቸው ጥቁር ብሏል። ገንዘቡን በሙሉ ፊታቸው አስቀመጠችው።

“ይኸው ሙሉው። አሁን የጠዋቱን ጥያቄ እንደገና ይጠይቁኝ።”

ትልቁ ዶክተር ዓይናቸውን ወደ ገንዘቡ አወረዱ።

“እንግዲያው ሳይጠይቁኝ ልመልስ። ፍቅር ነበር። ቅናሽ መኖሩን የሰማሁት ዛሬ ነው፣ እዚሁ ቆሜ።”

“ነበር?”

ድምፁ ከኋላዋ ነው። ትንሹ ዶክተር አረንጓዴ የኦፕራሲዮን ልብሱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል። ግንባሩ በላብ ርሷል። “ነበር ነው ያልሽው?”

“እሜቴስ?” አለች እሷ፣ ሌላው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፍቶ።

“ወጥቶላታል። ትተነፍሳለች።”

እናትየው ግድግዳውን ተደገፈች። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ዝም ማለት አልሆነላትምና፣ “ገና ከበር ሳትወጪ እኮ ነው የጀመረው” አለች። “ትልቁ ዶክተር ሳይከፈል አይሠራም ሲሉት፣ ‘ልታስቆመኝ ከፈለግህ ገብተህ ምላጩን ከእጄ ውሰድ’ አላቸው።”

ፀጉር ሠሪዋ ዞራ አየችው። 

“ጠዋት ዝም ያልኩት አፍ አጥቼ አይደለም” አለ። “ከአባቴ ጋር ብጨቃጨቅ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ሆዷን መክፈት አልችልም። አፌን ዘግቼ እጄን መረጥኩ።”

“የጠዋቱን ገባኝ። የዓመቱን ዝምታህንስ? ስንት ጊዜ አንገቴን ቀና አድርጌ ከዚህ በር ወጥቻለሁ። አንተ ከኋላዬ ቆመህ ሁሉንም ታውቅ ነበር።”

“ብነግርሽ አትመጪም ነበር።”

“አልመጣም ነበር። እንዴት እንደምንወጣው እስክናገኝ ድረስ አልመጣም ነበር። አብረን እናገኘው ነበር እኮ። አንተ ግን ለብቻህ ከፍለህ፣ ለብቻህ አዝነህ፣ እኔን እንደ ሕፃን ከረሜላ አስይዘህ ሸኘኸኝ።”

“አዝኜልሽ አይደለም። ፈርቼ ነው። ዋጋው እንዳይወስድሽ ፈርቼ ነው።”

“ዋጋው አልወሰደኝም። ይኸው ከነዋጋው መጣሁ።” ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንዲፈስ ግን አልፈቀደችለትም። “ዛሬ እዚህ ቆሜ ራሴን ትንሽ ሆኜ አየሁት። ሁለተኛ አላየውም። ለአባትህም ብዬ፣ ላንተም ብዬ።”

 በዚህ መካከል ጋሼ ቀስ ብለው መጥተው ካርቶናቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ትልቁ ዶክተር ከልማድ የተነሣ ከፍተው ድመቲቱን ዳሰሷት፣ ድዷን አዩ፣ ፊታቸው ተለወጠ።

“ምነው መምህር፣ እንዲህ እስክትሆን?”

ጋሼ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ።

ትልቁ ዶክተር ሠንጠረዡን ልክ ሌላ ሰው የለጠፈው ይመስል አፍጥጠው አዩት። “ጠግቤ የጨመርኩ ይመስላችኋል?” አሉ። “ማደንዘዣው አምና ከነበረበት እጥፍ ሆኗል። ማሽኑ ገና ዕዳው አላለቀም። ባልጨምር እዘጋለሁ። ብጨምር ደግሞ…” አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። “ብጨምር ደግሞ ሰው የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ወር አድኜ ከሸኘኋቸው፣ በመርፌ ያሳረፍኳቸው ይበልጣሉ። መዳን እየቻሉ። ዕድሜ ልኬን የተማርኩት ለዚህ አልነበረም።”

ያ ሁሉ ሰው እሳቸውን እንደዚያ አይቷቸው አያውቅም። ፀጉር ሠሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ልትላቸው ያዘጋጀችው ቃል ብዙ ነበር፤ አብዛኛውን ዋጠችው።

“እንግዲያው እኛንም እርስዎንም ያሸነፈን ያው ወረቀት ነው” አለች። “እኔ ግን ተሸንፌ አልቀመጥም። እንስሶቻችን ደህና ሳሉ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናዋጣ። የታመመበት ሰው ከዚያ ይታከምለት። ቅናሽ አይደለም፣ ቀድሞ መክፈል ነው። እርስዎም ዋጋ ሲጨምሩ አስቀድመው ይንገሩን፤ ግድግዳ ላይ አናንብበው።”

“ለጤነኛ ውሻ ማን ይከፍላል?”

“እሱን ለኔ ይተዉልኝ። ፀጉሯን ቢጉዲን ጠቅልዬባት ሳትሰማኝ የምትሄድ ሴት የለችም።”

አንዲት ሴት ድመቷን እንዳቀፈች “እኔ አለሁበት” አለች። ከወዲያ ሌላው እጁን አወጣ። ትልቁ ዶክተር ከወንበሩ ተነሡ። ካርቶኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ “ይግቡ መምህር” አሉና ጋሼን አስቀድመው ወደ ምርመራ ክፍሉ ገቡ። ስለ ክፍያ ማንም አላነሣም።

እናትየው እሜቴን ልታይ ስትሄድ ልጅቷም ተከተለች። በሩ ላይ ትንሹ ዶክተር መንገድ ለቀቀላት።

“ቁጡዬ” አላት በቀስታ።

“አመሰግናለሁ ዶክተር” አለችውና አለፈች።

ሲከፋት የምትጠራው እንዲያ እንደሆነ ያውቃል። እስከዚያ ቀን ግን ያ ቃል ይህን ያህል አሞት አያውቅም።

*

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሳሎኑ ውስጥ ፀጉር የሚደርቀው በእጅ በሚያዝ አነስተኛ ፎን ሆነ። ሥራው ይረዝማል፤ የሚጠብቁት ሴቶች ይበዛሉ፤ የሚጠብቁት ደግሞ ስለ መዋጮው ሳይሰሙ አይሄዱም። ውሻ ያላት ተመዘገበች፣ ድመት ያላት ተመዘገበች። ምንም የሌላት አንዷም “ለጎረቤቴ በቀቀን” ብላ ተመዘገበች፤ ጠዋት ጠዋት ሲሳደብ ስለሚያስቃት። እሜቴ ስፌቷን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የታሰረላት ፕላስቲክ እንደ ባልዲ ሆኖባት ደጃፉ ላይ ትጋደማለች።

ትንሹ ዶክተር በየቀኑ ይመጣል። በመናፈሻው በኩል አይደለም፤ በፊት ለፊቱ በር፣ ሰው ሁሉ እያየው። የእሜቴን ቁስል ያያል፣ “ደህና ናት” ይላል፣ ይሄዳል። ፀጉር ሠሪዋ “እሺ ዶክተር” ትላለች። ሴቶቹ እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። እሱ ሲርቅ እጇ ላይ ያለው ፎን ያንዷን ጆሮ እስኪለበልብ ድረስ መንገዱን እንደምታይ ግን ከእናቷ በቀር ያስተዋለ የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ትልቁ ዶክተር ብቅ አሉ። ጋውን አልለበሱም፤ ሱፍ ነው የለበሱት። 

“ላናግርሽ ነበር” አሉ።

“ሥራ ላይ ነኝ። ተራ ይያዙና ይቀመጡ።”

አንዷ ሴት በድንጋጤ ክንዷን ጎነጠቻት። ትልቁ ዶክተር ግን ግራ ቀኙን አይተው፣ ቢጉዲን በጠቀለሉ ሁለት ሴቶች መካከል ጠበብ ብለው ተቀመጡ። ጠበቁ። አንዷ ተሠርታ ወጣች፣ ሌላዋ ገባች። ተራቸው ሲደርስ መስታወቱ ፊት ያለው ወንበር ላይ አልወጡም፤ ቆሙ።

“ያን ጥያቄ የጠየቅሁሽ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም ሰው ፊት ልበል ብዬ ነው የመጣሁት። አጥፍቻለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ።”

እጇ ላይ የነበረውን ማበጠሪያ አስቀመጠች። ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር።

“መዋጮውን ተቀብያለሁ” ብለው ቀጠሉ። “ዋጋውን አልቀነስኩትም፤ የሚቀንስ ነገር የለውም። ነገር ግን ያለ ገንዘብ የመጣ ታማሚ ከበር አይመለስም። ከዚያ በኋላ ያለውን ከናንተ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።” ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ሌላው… ልጄ አንቺን እንደሚያገባ ማዕድ ላይ ነግሮኛል። አላማከረኝም፣ ነገረኝ። ላንቺስ ነግሮሻል?”

“እኔን ስለ ቁስሏ ብቻ ነው የሚያናግረኝ።”

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። በዚያው መሐል ትንሹ ዶክተር እንደ ልማዱ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ አባቱን ከቢጉዲኖቹ መካከል ሲያይ እግሩ ተተከለ።

“ና ግባ” አለችው ፀጉር ሠሪዋ። “የምትለው ነገር አለህ አሉ።”

ገባ። ሴቶቹ ሁሉ አዩት። እናቷ ከጓዳው በር ሆና አየችው። ዓመት ሙሉ ከሰው ዓይን የሸሸ ሰው መሸሻ አጣ፤ ደግሞም አልፈለገም።

“እወድሻለሁ” አለ። “ይሄን መናፈሻ ውስጥ ብዬሻለሁ፤ እዚህ ግን አላልኩም። ላግባሽ።”

“አንድ ነገር አለኝ።”

“በይኝ።”

“ከዛሬ ጀምሮ ለኔ ብለህ እንኳ አትደብቀኝ። ክፉም ይሁን ውድም ይሁን፣ ንገረኝና አብረን እንቻለው።”

“እሺ።” ትንሽ አሰብ አደረገና ጆሮው ቀላ። “እንግዲያው አሁኑኑ አንድ ልንገርሽ። የእሜቴ ቁስል ከደረቀ ቆይቷል። በየቀኑ የምመጣው ለሱ አልነበረም። ያን ፕላስቲክም ያቆየሁት፣ ካወለቅሁላት ምክንያት አጣለሁ ብዬ ነው።”

እሜቴ ስሟን ሰምታ ባልዲዋን ቀና አደረገች። ሴቶቹ ወንበራቸውን እየመቱ ሳቁ። ትልቁ ዶክተር ራሳቸው ጎንበስ ብለው ፕላስቲኩን እየፈቱላት ትከሻቸው ተርገፈገፈ። ፀጉር ሠሪዋ ግን አልሳቀችም። ምንም አላለችውም፤ ዝም ብላ አየችው። ያ እይታ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ አውቆም ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሽርጧን ፈታች። ፎኑን ለእናቷ ሰጠቻት። “እማ፣ የቀሩትን ጨርሺልኝ፣ መጣሁ” አለችና እጁን ይዛ ወጣች።

ወደ መናፈሻው አልሄዱም። ዋናውን መንገድ ያዙ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ገበያ የወጣው ሁሉ ባለበት። ሱቆቹ ውስጥ የነበረው ሰው አንገቱን አወጣ። ፎቁ ላይ መስኮት ተከፈተ።

“ሰው ሁሉ እያየን ነው” አላት በሹክሹክታ።

“ይየን” አለችው፣ ጣቶቿን ከጣቶቹ ጋር አጥብቃ እየቆላለፈች። “እስኪጠግቡ ድረስ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።”